ሁለተኛው ዲስክና የአቶ ሐንዲሶ ጡሩምባ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ደግ ብሏል። ተረት ክፉ የለውም፤ ክፋቱ ከሰሚው ነው። ሰሚው ሁለት ባላ ይተክልና እጁን አራግፎ ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው ባላ ጣሪያውን ይንካ አይንካ፣ ሥሩን ምስጥ ይብላው አይብላው፣ ወጥቶ የሚወዘውዘው የለም። ለምን ብሎ ይወዘውዘዋል? ሁለት ነዋ። እናንተም ብትሆኑ መጠባበቂያ ቁልፍ አለን እያላችሁ ትኩራራላችሁ። የት ነው ሲሏችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁም ሣጥኑስ? ተቆልፏል።

እኛ ሰፈር፣ እዚህ ሆሳዕና፣ እድራችን የጎደለው ነገር አልነበረም። ድንኳን አለው፣ ጎላ ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ወጥ የሚያማስሉ ሴቶችና ወጡን የሚተቹ ወንዶች አሉት። ጡሩምባ ነፊያችን አቶ ላፌቦ ደግሞ ሲነፉ ወደ ገበያ የሚነዳ አህያ ቆሞ ያደምጥ ነበር። አንድ ማለዳ እኚሁ አቶ ላፌቦ አረፉ። ድንኳኑ አለ፣ ድስቱ አለ፣ ሰዉም አለ፤ የሚነፋ የለም። እኛም ጡሩምባ ስላልሰማን ዛሬስ ሰላም አደርን ተባብለን በየሥራችን ተበተንን። የሰፈሩን ሙት ሁሉ ሲጠሩ የኖሩ ሰው፣ ለራሳቸው የሚጠራላቸው አጥተው እስከ ቀትር ብቻቸውን ተጋደሙ።

ይህ ውርደት ነው። እድሩ ተሰብስቦ የላፌቦን ልጅ ዋና ነፊ፣ አቶ ሐንዲሶን ደግሞ ምክትል ነፊ አድርጎ ሾመ። ምክትሉም የራሳቸውን ጡሩምባ ተረክበው እቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሲነፉ የሰማቸው ግን የለም። ሰው ሳይሞት ጡሩምባ መንፋት ሟርት ነው፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ስለዚህ አቶ ሐንዲሶ ይችሉ አይችሉ ሳይታወቅ፣ በየስብሰባው ከሊቀመንበሩ ጎን እየተቀመጡ ተከብረው ኖሩ። ምክትልነት እንዲህ ነው፤ ክብሩ ዛሬ፣ ሥራው ነገ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ ኮምፒውተር ልነግራችሁ ስለሆነ ነው። አትሳቁ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ተጀምሮ እዚያው መሠረቱ ላይ የቀረ ቢሆንም፣ ያየሁትን አይቻለሁ።

ጊዜው ሞባይል በኪስ ሳይሆን በአንገት የሚንጠለጠልበት፣ የግል ኮሌጅ በየሰፈሩ እንደ ክረምት እንጉዳይ የሚፈላበት ነበር። አንዱ እንጉዳይ ከቤቴ ማዶ በቀለ። እኔም ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ሻይ ቤት ተከራይቼ ሻይና ቦምቦሊኖ እሸጥ ጀመር። ልጄ ምሕረት አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ እዚያው ኮሌጅ ተቀጠረች። የእናት ነገር፣ ከዚያ ወዲያ ሻይ ስቀዳ እጄ ብቻ ሳይሆን አገጬም ከፍ ማለት አመጣ።

ኮሌጁ ሰርቨር የሚሉት ማሽን ነበረው። ሣጥን የሚያህል ነገር ነው፤ የንብ ቀፎ ይመስል ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። የተማሪው ሁሉ ስም፣ የተማሪው ሁሉ ውጤት እሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ትራንስክሪፕት የሚወጣውም ከሱ ብቻ ነው። ምሕረት እንደነገረችኝ ሆዱ ውስጥ ዲስክ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላውም ላይ ወዲያው ይጻፋል። «አንዱ ቢሞት እንኳ እማ፣ ሌላው አለ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የሰማሁትን በሆዴ የማሳድር ሴት አይደለሁም። የልጄ ማሽን ሁለት ነፍስ አለው ብዬ ለሻይ ጠጪው ሁሉ አወራሁ። ዲኑ አቶ ኤርጃቦም ሰምተው ለቦርዱ ተናገሩ። ቦርዱ አጨበጨበ አሉ።

ኮምፒውተር የሠሩት ሰዎች መቼም ሆሳዕናን አያውቋትም። እነሱ አገር እንዲህ ያለ ማሽን አንዴ ከተነሳ ዓመት ሙሉ ሳይወድቅ ይቆያል አሉ። እኛ ዘንድ መብራት እንደ ደላላ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ስለዚህ የኛ ማሽን በቀን ውስጥ ስንቴ ወድቆ ስንቴ ይነሳል። የኛ ዕቃ የሚደክመው ከመሥራቱ ይልቅ ከመነሳቱ ነው። ሰዉም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ እሱን ተዉት።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሊመረቁ ሳምንት ሲቀር፣ ሰኞ ከቀትር በፊት መብራት ሄደ። ተመለሰ። ማሽኑ አልተነሳም።

ምሕረት ስትጠራኝ ፊቷን ሳይ ሻይ የያዝኩበትን ትሪ አስቀመጥኩ። ጥቁር መስታወት ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት ትላለች። ሌላ ነገር የለም። የሰው ልጅ ቢሆን ዓይኑን ያርገበግባል እንጂ አልሞተም ይባል ነበር። ዲኑ መጡ፣ ቆመው አዩ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ።

«ሁለት ነው ብለሽኝ አልነበር?» አሏት።

«ሁለት ነው።»

«ታዲያ አንዱ ቢሞት ሌላው የት ሄደ? ለቅሶ ተቀመጠ?»

«አልሞተም፣ ዲን። ውጤቱ በሙሉ እሱም ላይ አለ። ማሽኑን ከእንቅልፉ የሚያስነሳው ፕሮግራም ግን በሞተው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር የተጫነው።»

«ማን ነው እንደዚያ የጫነው?»

«ማሽኑን ያመጡት ሰዎች።»

«አንቺስ ስትረከቢ አላየሽም?»

ልጄ አላየችም። ሁለት ነው ሲሏት እንደ ሁላችን አምና ነበር። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ግምገማ ከመንግሥት ቢሮ አልፎ የግል ኮሌጅ ድረስ የተጋባበት ዘመን ነው፣ ግምገማ ደግሞ የሚገመገም ሰው ይፈልጋል። «እሑድ ምርቃት ነው» አሉ። «ትራንስክሪፕት ካልወጣ ለቦርዱ የማቀርበው ያንቺን ስም ነው።» አገጬ ያን ጊዜ ወደ ቦታው ወረደ። በዚህች ከተማ አንዴ ኮሌጅ ያባረራት ሴት ልጅ ሌላ ኮሌጅ አይቀጥራትም፤ ሁሉም ዲን የሁሉም ዲን ዘመድ ነው።

ወሬው እስከ ማታ አልቆየም። በማግስቱ ወላጆች መምጣት ጀመሩ፤ ከሾኔ፣ ከሀደሮ፣ ከሺንሺቾ። ለምርቃት ሰንጋ የታሰረበት ቤት አለ፣ አተካና ለሚባለው የድግስ ምግብ ቅቤ የተሰበሰበበት ቤት አለ፣ ዘመድ አዝማድ ተጠርቷል። «ልጃችን ተመረቀ ወይስ አልተመረቀም?» ነው ጥያቄው። መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ሻይ ቤቴ ተቀመጡ። ሻይ አልጠጡም፤ ብርጭቆውን ይዘው የማሽኑን ክፍል በር ያያሉ። የሾኔዎቹ ጴንጤዎች በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው ጸለዩ። አንዲት የሀደሮ ካቶሊክ እናት ጥግ ይዛ መቁጠሪያዋን ታንቀሳቅሳለች። አንድ የሺንሺቾ አባት ደግሞ ከምባትኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ «እናቴ፣ ያንቺ ልጅ ናት አሉ ይህን ነገር የምታውቀው» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ቢጠይቁኝ ኖሮ እንዴት ባለ ድምፅ አዎ ባልኳቸው ነበር። ማክሰኞ ነበር። «ስኳር ልጨምርልዎ?» አልኳቸው።

ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና አጠብኩ።

ምሕረት አብሯት የተማረ ልጅ አዲስ አበባ ነበራት። ስልኩ አንዴ ይያዛል፣ አንዴ ይቆረጣል፤ ግቢው ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነውና እዚያ ቆማ አንድ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። የተማከሩት ይህ ነው፤ ማሽኑን በሲዲ ቀስቅሳ፣ ያን የሚያስነሳውን ፕሮግራም በተረፈው ዲስክ ላይ መጫን። ነገሩ አጭር ነው። ፍርሃቱ ግን ረጅም ነበር፤ የቀረው ዲስክ አንድ ነው፣ የሁሉም ልጅ ውጤት ያለው እሱ ላይ ነው፣ አንዲት ትእዛዝ ብትስት አውቃ ያጠፋችው ያህል ነው። ረቡዕ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ምን ልበላት? የሚገነፍል ቡና አይደል፣ ውሃ ጠብ የማደርግበት። ትከሻዋን ልነካት አስቤ፣ እጇ እንዳይንቀሳቀስ ፈርቼ ተውኩት።

የትእዛዙን ቁልፍ ነካችው። አጥፍታ አበራችው። ነጯ ሰረዝ ብልጭ ጥፍት አለች፤ ከዚያ ጽሑፍ እንደ ዝናብ ይወርድ ጀመር፣ ቀፎውም አጉረመረመ።

ምሕረት ሳቀችም አለቀሰችም። ውጭ ያለው ሰው ግን የድርሻውን ለመውሰድ አልዘገየም። የሾኔዎቹ ጸሎታችን ተሰማ አሉ። የሀደሮዋ እናት ምንም ሳትል መቁጠሪያዋን ሳመች፤ ከማለት ይበልጣል። ዲኑ «ጥብቅ ክትትል አድርገናል» ብለው ተናገሩ። ክትትሉን እኔም አይቻለሁ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ከቢሮ ወጥተው ማሽኑን አይተው ተመልሰው ይገቡ ነበር።

ማተም ተጀመረ። ማተሚያዋ አንዷን ወረቀት ለማውጣት የምታምጠው ምጥ ለብቻው ነው፤ እስከ ቅዳሜ ማታ አትጨርስም። እስከዚያ ደግሞ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ እግዜር ያውቃል። ሐሙስ አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ መጣ። ምሕረት በሞተው ቦታ አስገባችው፣ አሮጌው ያለውን ሁሉ ለአዲሱ ሲያወርሰው አደረ። ዓርብ ጠዋት እንደገና ሁለት ሆኑ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ።

እሷ ግን አልተነፈሰችም። ዲኑ ዘንድ ሄዳ፣ «አሮጌውን ለጊዜው ነቅዬ፣ አዲሱ ብቻውን ማሽኑን ማስነሳቱን ልፈትሽ» አለች።

«ደኅና የሚሠራ ነገር ይነካል?» አሉ ዲኑ። «ከስንት መከራ ተነሳ፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ሰኞ፣ ከምርቃት በኋላ።»

ወደ እኔ መጣች። እኔስ ብትሉ ምን አልኩ? ዲኑ ያሉትን አልኩ። «ተይው ልጄ» አልኳት። «የቆመን ነገር አይነቀንቁትም። ሟርት ነው።»

ልጄ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል፤ አባቷን ናት። «እማ» አለችኝ፣ «አቶ ሐንዲሶ ጡሩምባ ሲነፉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

እንግዲህ የወለዳችሁት ልጅ በገዛ እድራችሁ ሲመታችሁ ምን ይባላል?  ሻይ ቀድቼ፣ ቦምቦሊኖ ደርቤ፣ ዲኑ ቢሮ ገባሁ።

ቢሮው ከማሽኑ ክፍል የሚለየው በስስ ጣውላ ነው፤ ቀፎው ሲያጉረመርም ይሰማል። እኔ ተቀምጬ ስለ እናታቸው ጤና ጠየቅሁ። ስለ እንሰታቸው ጠየቅሁ። ስለ ዘንድሮ ዝናብ ጠየቅሁ። በመሀል ማጉረምረሙ ቀጥ አለ።

ዲኑ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ዝም አለ» አሉ።

«መብራት ይሆናላ» አልኩ።

ሁለታችንም ቀና አልን። አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ ይበራል።

«እትዬ ታደለች» አሉ ቀስ ብለው።

«አቤት።»

«ልጅሽ ምን እያደረገች ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ለመዋሸት ግን ትንፋሽ ያስፈልጋል። «እየነቀነቀችው ነው» አልኩ። ዲኑ ተነሱ። እኔም ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ቁመቴ አጭር ነው፣ ስፋቴ ግን ለበር ይበቃል። «ከነቀለችው በኋላ ገብተው ቢጮሁባት እጇ ይስታል» አልኳቸው። «ይቀመጡ። ሻይዎ ይቀዘቅዛል።» ተቀመጡ። ሻዩን የጠጣው ግን የለም። በጣውላው በኩል አንዲት የቁልፍ ድምፅ ተሰማች፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ረዘመ። የሾኔና የሀደሮ ሰንጋ ሁሉ ደረቴ ላይ ቆመ።

አልተነሳም።

ምሕረት በሩን ከፍታ ገባች፤ ፊቷ አመድ ነው። «አዲሱ ውጤቱን እንጂ የሚያስነሳውን አልወረሰም» አለች። «እሱ አብሮ የሚገለበጥ መስሎኝ ነበር። በያንዳንዱ ዲስክ ላይ ለብቻው ነው መጫን ያለበት።» ነገሩ ገባችሁ? ያው የፊተኛው ጉድጓድ ነው፤ ወዲያ ማዶ በነበረበት ፈንታ ወዲህ ማዶ ተቆፍሯል። ያን ጠዋት ሁለት ሆነናል ብለን የተነፈስነው ትንፋሽ ሁሉ የብድር ነበር። ዲኑ ምን ሊሉ እንደሆነ አፋቸው ላይ አየሁት፤ ወዲያው መልሰው ዋጡት። ማተሙ ሳያልቅ ቅዳሜ አሮጌው ዲስክ ቢሞት ኖሮ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። «ሂጂ ጫኚ» አሉ። «ስትጨርሺ ደግሞ...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደግሞ ነቅንቂው።»

አሮጌውን መልሳ ማሽኑን አስነሳች፣ ለአዲሱም የራሱን ቀስቃሽ ጫነችለት። ከዚያ አንዱን እየነቀለች ሌላውን ለብቻው አስነሳች፤ አሮጌው ብቻውን ተነሳ፣ አዲሱም ብቻውን ተነሳ። በያንዳንዱ ማሽኑ ሲያጉረመርም ዲኑ ጣውላውን በጣታቸው ያንኳኩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃላቸው።

ቅዳሜ መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ። ማተሚያዋ ወረቀት አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። መብራቱ ተመለሰ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ማተሚያዋ ምጧን ቀጠለች። ማንም ቀና ብሎ አላየም። እሑድ ልጆቹ ጥቁር ካባ ለብሰው ተመረቁ፤ ከዲኑ ጀምሮ እስከ ድንኳን ተካዮቹ ሁሉም ተመሰገነ፣ ልጄ በስም አልተነሳችም። ስሟ ለቦርዱ ሳይቀርብ መቅረቱ ምስጋናዋ ነው። የደኅና ባላ ዕጣው ይኸው ነው፤ ጣሪያው ካልወደቀ ማን ያየዋል?

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የወሩ የእድር ስብሰባ ሲደርስ እጄን አወጣሁ።

«አቶ ሐንዲሶ ይንፉ» አልኩ።

«ማን ሞቶ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማንም ሳይሞት።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ምነው እትዬ፣ ሞትን ስሙን ጠርተሽ ልታመጪብን ነው?» አሉኝ። እኔም የላፌቦን ቀን አነሳሁባቸው፤ የዚያ ቀን ኀፍረት ስላልለቀቀን ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። አቶ ሐንዲሶ ጡሩምባውን እንዲያመጡ ተላኩ። ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። አዙረው ወደ መሬት ሲያራግፉት ከውስጡ የጭቃ ቁራጭ ወረደ፤ ተርብ ቤቷን ሠርታበት፣ ልጆቿን አሳድጋበት፣ ትታው ሄዳለች። እንዲህ ነው ምክትላችን ሲጠብቀን የኖረው። ሊቀመንበሩ ጭቃውን በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ቅዳሜ ማለዳ የሙከራ ጡሩምባ እንዲነፋ ተወሰነ። ሁሉም ለጎረቤቱ ይንገር ተባለ።

ተነገረ። እንዴት እንደተነገረ ግን ሰፈራችሁን ታውቁታላችሁ። ስብሰባ ያልመጣው ሰው የሰማው፣ «እትዬ ታደለች ሰው ሳይሞት ጡሩምባ ላስነፋ ብላ ፈጣሪዋን ተፈታተነች» የሚለውን ነው።

ቅዳሜ ሰማዩ ሲገረጣ አቶ ሐንዲሶ ነፉ። እናንተ፣ ላፌቦን አስረሱ። ውሻው ሁሉ ተነሳ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ፣ ይኸው ይሠራል ብዬ ለራሴ ስኩራራ፣ ከታች በኩል ጩኸት ሰማሁ። ጩኸቱ እየቀረበ መጣ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ስብሰባው ላይ ተቀምጠው የወሰኑት ሳይቀሩ ወደ እኔ ደጅ ይጎርፋሉ። ጡሩምባ ሲሰሙ ሁሉም በአንድ ልብ ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ አላልንም? ታደለችን ሞት ወሰዳት።

ከፊት ዘነበች ናት። ዘነበች ጎረቤቴ ናት፣ በእንሰት ድንበር ተኳርፈን ሰላምታ ካቆምን ክረምትና በጋ ተፈራርቋል። ደረቷን እየደቃች፣ «ታዱዬ፣ ሳንታረቅ፣ ሳንታረቅ» ትላለች። እንባዋ እውነተኛ ነው፤ የሐሰቱን አውቀዋለሁ፣ ብዙ ለቅሶ ቤት ውዬበታለሁ። ደጄ ደርሳ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ገጠምን።

«አለሽ እንዴ?» አለችኝ። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

«አለሁ።»

ዲኑም በአጥሩ ጥግ፣ ጥቁር ኮታቸውን ደርበው ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ሲያዩኝ ጃንጥላውን ወደ ኋላቸው ደበቁ፣ እሱ የሞቴ ምስክር ይመስል። ምሕረት በጩኸቱ ነቅታ፣ ፀጉሯን እንደጠቀለለች ከኋላዬ ብቅ አለችና ግቢውን የሞላውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ሁለተኛውም ተነስቷል ማለት ነው» አለች።

መሄድም መቆየትም ያፈረውን ሁሉ ገብታችሁ ቁርስ ብሉ አልኩ፤ ለቅሶ ብሎ የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይመለስም። ዘነበችን ከጎኔ አስቀመጥኳት። የድንበሩን ነገር አላነሳንም፤ ያ ገና ብዙ ሥራ አለው። ያፈሰሰችውን እንባ ግን መልሳ አልወሰደችውም፣ እኔም ይዤዋለሁ። ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደተንከረፈፈ፣ ማን ጭራሽ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ፣ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ለቅሶ ተነቅንቋል፤ ይይዛል። የናንተን እንጃ።